የእናት ጌጥ እሳት ከመግባቱ በፊት

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አስፋልት ሉማሜን ካለፈ በኋላ አምበርን ያገኛል። አምበር የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋም ጤፍ አብቃይ ነው። አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ የሰርጉ ወር ጥር ይደርሳል። ያን ጊዜ የጓዳው ሣጥን ይከፈትና ለሙሽራዪቱ የሚሆን ጌጥ ይፈለጋል። ከሣጥኑ የሚወጣው ሁሉ ግን ደህና አይደለም። ድሪው ተበጣጥሶ ቁርጥራጩ በጨርቅ ተቋጥሯል። ከጥንዱ ጉትቻ አንዱ ጠፍቶ አንዱ ቀርቷል። የአንገት መስቀሉ ማንጠልጠያ ከማተቡ ክር ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተበልቶ አልቋል።

እንዲህ ያለውን ቋጠሮ የያዙ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር አንጥረኛው ደጅ ደርሰዋል። አንጥረኛው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ከፊታቸው ትንሽ የከሰል ምድጃ፣ ከጎናቸው ወናፍ፣ ከእንጨት ጉማጅ ላይ የተተከለ መስፍ አለ። ጉጠቱ፣ ወረንጦው፣ መዶሻውና ሞረዱ እጃቸው በሚደርስበት በቀኝ በኩል ተደርድሯል።

«አያ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ያቅልጡልኝና ለዚች ልጅ አንድ የረባ ሐብል ይውጣልኝ» አሉ እናት።

«እታለም፣ መጀመሪያ ቋጠሮውን ፍቺው። ያላየሁትን አላቀልጥም።»

መልሱ አጭር ቢሆንም ትልቅ ጉዳይ ይዟል። በጎጃም ደጋ፣ በጎንደርና በወሎ፣ በአዲስ አበባም ጭምር ከእናትና ከአያት የተወረሰ ስባሪ ጌጥ ያልያዘ ቤት ጥቂት ነው። የብዙው ዕጣ በሚዛን ተመዝኖ እሳት መግባት ነው። ማቅለጥ የአንጥረኛ ሙያ አካል ስለሆነ ነውር የለበትም። ሳያዩ ማቅለጥ ግን ብሩን አትርፎ የእጁን ሥራ ያጠፋል። የተሰበረን ጌጥ አዲስ ለማድረግ ከማቅለጥ የተሻለ መንገድ አለ፤ መንገዱንም የሚያውቁት እነዚሁ አንጥረኞች ናቸው።

ቋጠሮው ሲፈታ

አንጥረኛው የተፈታውን ሁሉ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ያነሣሉ። ከአንድ የአልቦ ስባሪ ጫፍ ላይ በሞረድ ፋቅ አደረጉ። ከላይ ነጭ የነበረው ከሥር ቢጫ ሆኖ ወጣ። «ነሐስ ነው፤ ላዩን ብር አልብሰውታል» ብለው ለብቻው አኖሩት። የአንገት መስቀሉን በማይታየው ጠርዙ በኩል ሲፍቁት ግን ከላይም ከሥርም ያው ነጭ ነው። ቀጥለው የድሪውን ቁርጥራጭ መስፉ ላይ ጣል እያደረጉ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ በእጃቸው እያነሡ ክብደቱን ይገምታሉ። ብር ከነሐስም ከመዳብም የከበደ ስለሆነ የለመደ እጅ ልዩነቱን ያውቀዋል።

እናትየው የጌጣቸው መጥቆር አሳፍሯቸዋል። ጥቁረቱ ግን የጌጡን ርካሽነት አያሳይም። ብር አየር ውስጥ ካለው የድኝ ዘር ጋር ሲገናኝ ላዩ ይጠቁራል። ጥቁረቱ እንደ ቆዳ ላዩን ብቻ የሚይዝ ነው፤ ሲወለወል ይለቃል። ይልቅ መጠርጠር ያለበት ዘመን ያልነካው የሚመስለው ነጭ ብረት ነው። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ተቀላቅለው ሲቀልጡ ብር የሚመስል፣ ቅንጣት ብር ግን የሌለበት ብረት ይወጣል። በገበያ ላይ ከሚሸጡት አዳዲስ መስቀሎች ብዙዎቹ ከዚህ የተሠሩ ናቸው። ማግኔት እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ ብርንም ነሐስንም አይስብምና። ሞረድ፣ ሚዛንና ልምድ ያለው ዓይን የተሻሉ ዳኞች ናቸው።

ገንዘብ የነበረ ጌጥ

ከቋጠሮው ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ የተበየደበት አንድ የማርያ ትሬዛ ብር ነው። በአንድ ወቅት የአያት አንገት ላይ ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ ያረፉት በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በስማቸው የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደተሸከመ ቀርቷል። በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይም ተመትቷል፤ በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደተመታ ይገመታል። ስለዚህ በላዩ የተጻፈው ዓመት ዕድሜውን አይናገርም። ክብደቱ ግን አይዋሽም፤ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ከአንድ ማርያ ትሬዛ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ይገኛል ማለት ነው።

ይህ ገንዘብ ጎጃም የደረሰው በንግድ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ የጁቤ አካባቢ፣ የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከአባይ ማዶ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ቡናው ይመጣል፤ ከወዲህ አሞሌ ጨውና ማርያ ትሬዛ ይሰጣል። ነጋዴው ብሩን ሲቀበል የንግሥቲቱን የጌጥ ነጥቦችና ከምስሏ ሥር ያሉትን ፊደላት ይመረምር ነበር። ነጥቡ የጠፋበትን አይቀበልም። ገበያ የናቀው ብር ለአንጥረኛው ግን ያው ብር ነው። የወርቅ መመዘኛ የሆነው ወቄትም ከዚሁ ገንዘብ ክብደት ጋር የተስተካከለ ነበር። ብር ይዞ ድሪ የሚያሠራ ሰው ሀብቱን አያባክንም፤ ከከረጢት አውጥቶ ሚስቱ ወይም ልጁ አንገት ላይ ያኖረዋል። ክፉ ቀን ሲመጣም ተመዝኖ ገንዘብ ይሆናል።

ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያለበትን የራሳቸውን ብር በፓሪስ ሲያስመቱ ክብደቱ ከማርያ ትሬዛ ጋር እንዲተካከል አድርገዋል። ሕዝቡ ግን የለመደውን ቶሎ አልተወም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሕጋዊ መገበያያ ሆነ። ማርያ ትሬዛ ከገበያ እየወጣ ሄደና ከሣጥንና ከአንገት ላይ ቀረ። ከአዲሱ ገንዘብ ውስጥም 1936 ዓ.ም. የሚለው ባለ 50 ሳንቲም ከብር የተሠራ ስለነበር አንጥረኞች ያውቁታል።

እንግዲህ የአያቶቻችን መስቀልና ድሪ ራሱ ከቀለጠ ገንዘብ የተወለደ ነው። ወደ ኋላ ብንሄድም የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም ያስመቱ ነበር፤ በአንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ወርቅ የሚለብጥ እጅ ነበራቸው። ብረትን ከአንድ መልክ ወደ ሌላ ማሸጋገር ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። መለየት ያለበት ግን አለ። በማሽን የተመታ፣ ብዙ መሰል ያለው ገንዘብ ቀልጦ በእጅ የተሠራ ጌጥ ሲሆን ዋጋው ይጨምራል። በእጅ የተሠራ፣ መሰል የሌለው ጌጥ ቀልጦ ጥፍጥፍ ብር ሲሆን ዋጋው ይቀንሳል።

እሳት የሚበላው

ብር 962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። በወናፍ የሚነፋ ከሰል እዚያ ለመድረስ አይቸግረውም። ችግሩ ያለው ማቅለጫው ገል ውስጥ አብሮ በሚገባው ነገር ነው። የድሪው ቀለበቶች የተገጠሙት፣ የጉትቻው እንክብሎች የተጣበቁት በመበየጃ ነው። መበየጃ ከብሩ ቀድሞ እንዲቀልጥ ተብሎ መዳብና ዚንክ የሚጨመርበት ብር ነው። ጌጡ እንዳለ ሲቀልጥ ያ ሁሉ መበየጃ ከብሩ ጋር ይዋሃዳል። ስለዚህ ከማርያ ትሬዛ የተሠራ ድሪ ዳግም ሲቀልጥ ጥራቱ ከ833 በታች ይወርዳል፤ ተበይዶ ኖሮ ሦስተኛ ጊዜ ሲቀልጥ ደግሞ ይብሳል። መጠኑም ይቀንሳል፤ ጥቂቱ ገሉ ላይ፣ ጥቂቱ በሞረድ ፍቅፋቂ፣ ጥቂቱ ከቆሻሻው ጋር ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው እርሳስ ነው። የተሰበረ ጌጥ አንጥረኛ ሳያገኝ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ደርሶ በእርሳስና በቆርቆሮ ብየዳ የተጣበቀበት ጊዜ ብዙ ነው። ላዩን ሲያዩት የተጠገነ ይመስላል። እሳት ሲነካው ግን እርሳሱ ብሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ብሩ ይበሳሳል፣ ሲቀጠቀጥም ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው አንጥረኛው የመስቀሉን ጀርባ አገላብጠው ያዩት። ከማንጠልጠያው ሥር ግራጫና ለስላሳ ነገር አገኙ፤ በቢላ ጫፍ ሲነኩት ምልክት ተቀበለ። እሳቱን ከመቆስቆሳቸው በፊት ያንን ልጣጭ በልጣጭ ፍቀው አነሡት። ሥራው ብዙ ደቂቃ ወሰደ፤ ለዚህ ግን ማንም የተለየ ክፍያ አይጠይቅም፣ ማንም አይከፍልም።

የሚዛኑ ጉድለት ቢሰላ ቢደመር የሚጠፋውን ዋና ነገር አይነግረንም። አንድ የቆየ ጉትቻ ስታነሡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ሁለት ሁለት ሆኖ ተጠምዝዞ፣ ተደፍጥጦ፣ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። በጠርዙ ዙሪያ ከጤፍ ጥቂት የሚበልጡ እንክብሎች ተደርድረዋል። ይህ የሰው ዓይንና የሰው ትንፋሽ የፈጀው ሥራ ነው። ገሉ ውስጥ በገባ በጥቂት ደቂቃ ከድፍን ብር ጋር አንድ ይሆናል። ከመስቀሎች መካከል ጀርባቸው ላይ የባለቤቱ ክርስትና ስም የተጫረባቸው አሉ። እሱም አብሮ ይጠፋል።

ስባሪው ሲታደስ

አንጥረኛው ቋጠሮውን በአራት ከፈሉት። ነሐሱን ለባለቤቷ መለሱ። ቀለበታቸው ሳስቶ ሊበጠስ የደረሰውን የድሪ ቁርጥራጮች ለማቅለጥ አስቀመጡ። መስቀሉ አዲስ ማንጠልጠያ ብቻ እንዲገባለት፣ ብቸኛው ጉትቻ ደግሞ የሐብሉ መሐል እንዲሆን ወሰኑ። ማርያ ትሬዛውን አንሥተው እናትየው እጅ ላይ አኖሩት፦ «ይኸን ለማቅለጥ አትቸኩዪ። ቀልጦም ያው ብር ነው፤ የእናትሽን እናት አንገት ግን አያስታውስም።»

ለእሳት የተለየው ብር ተመዝኖ ገሉ ውስጥ ገባ። ወናፉ ሲነፋ ከሰሉ ከቀይ ወደ ብርቱካንማ ነጣ። ብሩ መለስለስ ሲጀምር ቦራክስ ነሰነሱበት። ቦራክሱ እንደ መስታወት ቀልጦ ቆሻሻውን ወደ ራሱ ይሰበስባል፣ ብሩ ከአየር ጋር እንዳይገናኝም ይከልላል። ከዚያ በኋላ ገሉ መሐል የሚንቀጠቀጥ፣ ፊቱ የጠራ ፈሳሽ ታየ። ዘይት በተቀባ የብረት ቦይ ላይ ሲገለበጥ ጣት የምታህል ዘንግ ሆነ።

ዘንጓ መስፉ ላይ ትቀጠቀጣለች። ብር ሲቀጠቀጥ እየጠነከረ፣ እየከረረ ይሄዳል፤ በዚያው ቢቀጠል ይሰነጠቃል። ስለዚህ እሳት ላይ መልሰው ደብዘዝ ብላ እስክትቀላ አሙቀው ያለሰልሷታል፤ ዳግመኛ ይቀጠቅጧታል። የቀጠነችውን ዘንግ ከሰፊ ወደ ጠባብ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ባሉት ጠፍጣፋ ብረት ውስጥ በጉጠት ይዘው ይስቧታል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ባለፈች ቁጥር ትረዝማለች፣ ትቀጥናለች። በመጨረሻ ሽቦ ናት። ከሽቦዋ አዲሶቹ የድሪ ቀለበቶች ይጠቀለላሉ፤ ከደህናዎቹ የድሮ ቀለበቶች ጋር አንድ አሮጌ አንድ አዲስ እየሆኑ ይያያዛሉ።

የጉትቻው ጠርዝ ሦስት እንክብል ጎድሎበታል። አንጥረኛው ከሽቦዋ ሦስት እኩል ቁራጮች በመቀስ ቆርጠው ከሰል ላይ በተቦረቦረች ጎድጓዳ ቦታ አኖሯቸው፤ ነበልባሉንም በቀጭን ቱቦ ወደ እነሱ ነፉት። ቁራጮቹ ቀልተው፣ ጫፋቸው ክብ ሆኖ፣ ድንገት ተሰብስበው ድቡልቡል ሆኑ።

ልጅቱ አንገቷን አስግጋ ታያለች። «ራሱ ነው እንዴ የሚድቦለቦለው አባባ?»

«ብር ሲቀልጥ ተዘርግቶ መቆየት አይችልም ልጄ፤ ራሱን ይሰበስባል። እኔ መጠኑን ነው የማውቅለት።»

ምክንያቱ ሳይንስም የሚያውቀው ነው። የቀለጠ ብረት ላዩ ወደ ውስጥ ስለሚሳብ ትንሽ ሲሆን ክብ ቅርጽ ይይዛል። አንጥረኛው ቃሉን ከመጽሐፍ ባይማሩትም ቁራጩ ከልክ ካለፈ እንደሚጠፈጠፍ በእጃቸው ያውቃሉ። እንክብሎቹ ቦታቸውን ያዙ፤ ከላይ ማንጠልጠያ ተጨመረ። ጥንዱን አጥቶ ሣጥን ውስጥ የከረመው ጉትቻ ሐብል ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ ሆነ። አሮጌው ሥራ ከነመልኩ አለ፤ አዲሱ ሥራም የት እንደገባ ላስተዋለ ሰው ይታያል።

እንዲህ ያለው አሠራር ብዙ ሊሰፋ ይችላል። የቀረ የአምባር ግማሽ የቀበቶ ዘለበት ይሆናል። የተበተነ ጨሌና የብር ዶቃ በአዲስ ክር ተሰክቶ ማርዳ ይወጣዋል። ወለባው ጫፉ ቢሰበርም ራሱ የሻሽ መያዣ መርፌ ላይ ይቀመጣል። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ግርጌም ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ከጥይት ቀለህ የሚወጣውን ነሐስ ዶቃ አድርገው ሐብል ሲሠሩ ኖረዋል፤ ሥራቸው ባሕር ማዶ ገበያ አግኝቷል። የጦር መሣሪያ ርዝራዥ አንገት ላይ የሚደረግ ጌጥ ከሆነ የአያት ጉትቻ ቁራጭ ከዚህ የበለጠ ይገባዋል።

የእጅ ዋጋ

ጌጥን በግራም ብቻ የምንተምነው ለምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ አገር ለዘመናት የብረት ሠራተኛን በክፉ ስም ሲጠራ ኖሯል። ማረሻ የሠራለትን፣ መስቀል ያበጀለትን ሰው ቡዳ እያለ ሸሽቶታል፤ በብዙ ቦታም ርስት ነፍጎታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አመለካከቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ያፈረበትን ሙያ ማን ለልጁ ያወርሳል? ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በዓይን እየታየ እንጂ በጽሑፍ የሚተላለፍ ስላልነበረ ልጁ ሌላ ኑሮ ፍለጋ ሲሄድ አብሮ ይቋረጣል። በየሙዚየሙ ያሉትን መስቀሎች ብናይ የአብዛኞቹን ሠሪዎች ስም የሚነግረን የለም።

ጎረቤታችን የመን ትምህርት ይሰጠናል። እዚያም ከማርያ ትሬዛ ብር ድንቅ ጌጥ ይሠራ ነበር፤ ከሠሪዎቹም ብዙዎቹ የአይሁድ አንጥረኞች ነበሩ። በ1949 እና በ1950 እ.ኤ.አ. አብዛኞቹ አገሩን ለቀው ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከየመን የወጣው ብሩ ሳይሆን ጥበቡ ነው። ብሩ እዚያው ነበረ፤ እንደ ድሮው የሚሠራው እጅ ግን ተመናመነ።

የእኛም ዕቃ ይሄዳል። ከቱሪዝም መስፋፋት ወዲህ የኢትዮጵያ የብር ዶቃ፣ ጠልሰምና የአንገት መስቀል ስባሪው ጭምር ተሰብስቦ ባሕር ማዶ ይሸጣል፤ እዚያ በአዲስ ክር ተሰክቶ በብዙ ዋጋ ይቀርባል። ሥራውን የሚሠራው የውጭ ዲዛይነር ነው፤ ትርፉም የእሱ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሕጉ ኬላ ላይ ይጠብቃል፤ ገል ውስጥ የሚገባውን ግን አያይም። ያንን ማየት የሚችሉት ባለቤቱና አንጥረኛው ናቸው።

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። የአማራ ክልል የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የብር ሥራን እንደ አንድ ሙያ ወስደው ሽማግሌዎቹን አንጥረኞች በአስተማሪነት ይቅጠሩ። ሽቦ መሳቡን፣ እንክብል ማንጠሩን፣ እርሳስ መለየቱን እነሱ ሳያልፉ በፊልምም በጽሑፍም ያስቀሩ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአካባቢያቸውን ጌጥ ዓይነትና ስም ቢመዘግቡ አገሪቱ የማታውቀውን ሀብቷን ታውቃለች።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ስባሪ ጌጥ ካለ ጥቂት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሣ። በሬዲዮ ጠጋኝ አታስበይደው። አንጥረኛ ዘንድ ስትሄድ «ግራሙ ስንት ነው?» ከማለትህ በፊት «ከዚህ ውስጥ ሳይቀልጥ የሚድነው የቱ ነው?» ብለህ ጠይቅ። የሚቀልጠው በፊትህ ይመዘን፤ ከቀለጠም በኋላ ይመዘን። የእጁን ዋጋ ከብሩ ዋጋ ለይተህ፣ ሳትከራከር ክፈል። ጌጡ ሲያልቅ ደግሞ የሠራልህን ሰው ስም ጠይቀህ ጻፈውና ከጌጡ ጋር ለልጅህ አስተላልፍ።